የማዶ ቤት ፀሐይ

እናቴ አያቴን እንደማትወዳቸው ያወቅኩት በኅዳር ወር፣ የከሰል ማንደጃቸውን ከክፍላቸው አውጥታ በረንዳ ላይ ውሃ የደፋችበት ዕለት ነው። «ያወቅኩት» የምለው ያኔ እንደዚያ ስለመሰለኝ ነው። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። የዘጠኝ ዓመት ልጅ አይጠራጠርም፤ ያውቃል።

ልደታ ኮንዶሚኒየም ከገባን ገና ስድስት ወራችን ነበር። ከዚያ በፊት የኖርነው ከልደታ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ጀርባ በአንዲት የቀበሌ ቤት ውስጥ ነው። ግድግዳዋ ጭቃ፣ ጣሪያዋ የዛገ ቆርቆሮ፣ ኮርኒሷ ማዳበሪያ ከረጢት። ክረምት ሲገባ ከሦስት ቦታ ታፈሳለች፤ ሽንት ቤቱን ከስምንት ቤተሰብ ጋር ነበር የምንጋራው። ሰፈሩ ፈርሶ ዕጣ ሲደርሰን አባቴ ጃፋር እንደ ሕፃን ዘለለ። የጅቡቲ መስመር የከባድ መኪና ሹፌር ስለነበር በወር ውስጥ ቤት የሚያድረው ስድስት ሰባት ቀን ቢሆን ነው፤ በእነዚያ ቀናት ግን እንግዳ ሁሉ እየጠራ ቧንቧውን ከፍቶ ያሳያል፣ የሽንት ቤቱን ውሃ ለቅቆ ያሰማል። አያቴም ከሱ አይሻሉም ነበር። መንገድ ላይ ያገኙትን ሰው ሁሉ አቁመው «አልሐምዱሊላህ፣ ጃፋር ፎቅ ላይ አወጣኝ» ይሉ ነበር።

አያቴ ከሊፋ ይባላሉ። ደሴ ተወልደው በወጣትነታቸው አዲስ አበባ መጥተው ዕድሜያቸውን ሙሉ ልብስ ሲሰፉ የኖሩ ሰው ናቸው። ያኔ ሰባ አራት ዓመታቸው ነበር። ሱቃቸው ከሰፈሩ ጋር ስለፈረሰ ሥራ ፈትተው ነበር፤ የስፌት መኪናቸው ግን ሦስተኛ ፎቅ ድረስ ወጥታ በትንሿ ክፍላቸው ጥግ ላይ፣ አንሶላ ለብሳ ቆማ ነበር።

ስለ ቤታችን ማንም የማይናገረው አንድ ነገር ነበር። ፀሐይ አይገባበትም። ከፊት ለፊታችን ሌላ ብሎክ ቆሟል፤ የአያቴ ክፍል ደግሞ የባሰ ጥግ ላይ ነው። ከኅዳር ጀምሮ ጠዋት ግድግዳው ያልበዋል፤ የስሚንቶው ወለል በካልሲ ሲረግጡት እንኳ ቅዝቃዜው አጥንት ድረስ ይዘልቃል። የመስኮቱ ብረት በደንብ ስለማይገጥም ነፋሱ በስንጥቁ ያፏጫል። እኔ ፉጨቱን እወደው ነበር። አያቴ በካፖርታቸው ላይ ጋቢ ደርበው፣ ቆባቸውን እስከ ጆሯቸው ስበው ይተኛሉ። በርዶዎታል ወይ ሲባሉ መልሳቸው አንድ ነው፤ «ደሴ ተወልጄ የአዲስ አበባ ብርድ ሊያስፈራኝ?»

ብርዱን በስሙ መጥራት ቤቱን መስደብ ነበር። ቤቱን መስደብ ደግሞ አባቴን።

የከሰሉ ነገር እንዲህ ነው። አያቴ ጠዋት ጠዋት በረንዳ ላይ ከሰል አያይዘው ፍሙ ሲቀላ ወደ ክፍላቸው ያስገቡና ነፋሱ እንዳይገባ በሩን ይዘጋሉ። ቅዳሜ ቅዳሜ ትምህርት ስለሌለኝ እኔም አብሬ እገባለሁ። እግራቸው ሥር ስቀመጥ ተረት ይነግሩኛል፤ ሙቀቱ ቀስ እያለ ይወርሰኛል፤ እንደዚያ ያለ ጣፋጭ እንቅልፍ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ተኝቼ አላውቅም።

አንድ ቅዳሜ እናቴ ዘኪያ በሩን በርግዳ ገባች። ክንዴን ይዛ ስትጎትተኝ፣ ስትነቀንቀኝ፣ ኮሪደሩ ላይ ስታስቀምጠኝ ትዝ ይለኛል። ከዚያ ማንደጃውን በሁለት ጨርቅ ይዛ ሮጠች። በረንዳ ላይ ውሃው ሲደፋበት ከሰሉ ጮኸ።

«ምነው ዘኪያ? ሙቀት ነው እኮ» አሉ አያቴ።

«አባባ፣ ሁለተኛ ከሰል እዚህ ክፍል አይገባም። ወላሂ አይገባም!»

እናቴ አማቷን ቀና ብላ አይታ እንኳ የማታናግር ሴት ነበረች። ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ስታናግራቸው የሰማሁት ያን ቀን ነው። አያቴ ቁጭ እንዳሉ ናቸው። መዳፋቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ ማንደጃው የነበረበትን ባዶ ቦታ ያያሉ።

እኔ ያየሁት ይህን ነበር፤ አንዲት ሴት ከአንድ ሽማግሌ ላይ ሙቀት ስትነጥቅ። ያላየሁት፣ እናቴ ሦስት ጊዜ ስሜን ጠርታ እንዳልነቃሁላት ነው። ያን ቀን ሙሉ ራሴን አሞኝ ሁለት ጊዜ አስመልሶኛል። የከሰል መርዛም አየር ሳይሸት፣ ሳይታይ፣ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ሰውን በእንቅልፉ እንደሚወስድ ያወቅኩት ካደግኩ በኋላ ነው። ያ ጣፋጭ እንቅልፍ ምን እንደነበር ሳስብ ዛሬም ይዘገንነኛል።

ከዚያ በኋላ እናቴን መሰለል ጀመርኩ።

በሳምንቱ አያቴን ሐኪም ቤት ይዛቸው ሄዳ ተመለሰች። ሳላቸው ስለበረታ፣ የእጃቸው ጣቶችም ጠዋት ጠዋት መጥቆር ስለጀመሩ ነበር። አያቴ ገብተው ጋደም ሲሉ እሷ ደረጃው ላይ ከእትዬ የሻረግ ጋር ቆማ ታንሾካሹካለች። እትዬ የሻረግ ከኛ በር ፊት ለፊት ያለው ቤት ውስጥ ብቻቸውን የሚኖሩ፣ ከፍርድ ቤት በታይፒስትነት ጡረታ የወጡ ሴት ናቸው። እኔ በበሩ ስንጥቅ ጆሮዬን ሰጥቻለሁ።

«ሐኪሟ ከዚህ ቤት መውጣት አለባቸው ነው የምትለኝ» አለች እናቴ።

«ቀን ቀን ብቻ ቢሆንስ?»

«እሱም ቢሆን ጥሩ ነው ብላኛለች። ግን ምን ብዬ? እሺ አይሉኝም። ጃፋርስ ቢሰማ ምን ይለኛል?»

«ለጃፋር አትንገሪው። ለሳቸው ደግሞ ሥራ ነው እንላቸዋለን። ለእኔ ተይው።»

ከዚህ ሁሉ ወሬ እኔ ጋ የደረሱት አራት ቃላት ናቸው፤ «ከዚህ ቤት»፣ «መውጣት»፣ «ሥራ»፣ «አትንገሪው»። ገጣጠምኳቸው። እናቴ አያቴን ከቤት አስወጥታ፣ ለእትዬ የሻረግ ሠራተኛ አድርጋ ልትሰጣቸው ነው፤ አባቴ እንዳይሰማም ተማምለዋል።

እትዬ የሻረግ በማግስቱ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ እንግዳ መስለው መጡ።

«ጋሽ ከሊፋ፣ ከጭንቅ ያውጡኝ። የእህቴ ልጅ ሐዋሳ ላይ ፔንሲዮን ልትከፍት ነው። አርባ የትራስ ልብስ አሰፋልሻለሁ ብዬ አፌ አመለጠኝ። ሰፊዎቹ ደግሞ የሚያበላሹት ነገር...»

«ዓይኔ ደክሟል፣ ወይዘሮ የሻረግ።»

«እኔ ቤት ብርሃን ሞልቷል። መኪናዎን እዚያ እናዛውራታለን። ስለ ጉልበትዎ ዋጋ ደግሞ እንነጋገራለን።»

«ከጎረቤት ምን ዋጋ ይቀበሏል! ጨርቁን ብቻ አምጡ» አሉ አያቴ። ጀርባቸው ሲቃና አይቻለሁ። እኔ ግን አዘንኩ። መኪናቸውን እናቴና እትዬ የሻረግ በሁለት በኩል ይዘው በኮሪደሩ ሲያሻግሯት፣ ከቤታችን የመጨረሻው የአያቴ ነገር የወጣ መስሎኝ አለቀስኩ።

ከዚያ በኋላ፣ ከሱብሂው የንጋት ሰላት በኋላ መልሰው ስለሚተኙ፣ በየቀኑ ጠዋት ሁለት ሰዓት ሲሆን እናቴ ትቀሰቅሳቸዋለች። ትንሽ ልጋደም ቢሏት አትሰማም። መታጠቢያ ውሃ አሙቃ፣ ሻይና ቂንጬ አቅርባ፣ ሻርፓቸውን አንገታቸው ላይ ሁለት ዙር ጠምጥማ ትሸኛቸዋለች። እኔ የማየው መቀስቀሱንና መሸኘቱን ነው። የሞቀውን ውሃ አላየሁትም።

ከትምህርት ቤት ስመለስ እትዬ የሻረግ ጋ እገባለሁ። የሳቸው ቤት ከኛ ጋር በአንድ ፕላን የተሠራ ነው፤ ግን ሌላ አገር ነው። ፀሐይ ከጠዋት እስከ አሥር ሰዓት ድረስ በትልቁ መስኮት ገብታ ወለሉ ላይ ትተኛለች። አያቴ ጀርባቸውን ለመስኮቱ ሰጥተው መኪናቸውን ይረግጣሉ። ካፖርታቸውን አውልቀው በሸሚዝ ናቸው። ሰላት ሲደርስ እትዬ የሻረግ ሬዲዮናቸውን ቀንሰው ወደ ማድ ቤት ይገባሉ፤ አያቴ በንጹሑ ጥግ ይሰግዳሉ። የገና ጾም ስለነበር ምሳቸውም አያጣላቸውም፤ ሽሮና ጎመን አብረው ይበላሉ። አያቴ ስለ ድሮ ደንበኞቻቸው፣ እትዬ የሻረግ ስለ ድሮ ዳኞቻቸው ያወራሉ። ሳላቸውም ቀንሶ ነበር። እኔ ግን ግንባራቸው ላይ የላብ ጠብታ አየሁ፤ ትምህርት ቤት ሄጄም ለጓደኛዬ «አያቴን እስኪያልባቸው ያሠሯቸዋል» ብዬ ነገርኳት።

ታህሳስ አጋማሽ ላይ፣ አስተማሪዎቻችን ስብሰባ ነበራቸውና ቀደም ብለው ለቀቁን። አያቴ ያን ዕለት ለቀትር ሰላት መስጊድ ሄደዋል። የእትዬ የሻረግ በር ገርበብ ብሏል፤ ከውስጥ የእናቴ ሳቅ ይሰማል። አጮለቅኩ።

ሁለቱም ወለሉ ላይ ተቀምጠዋል። መካከላቸው የትራስ ልብስ ተከምሯል፤ አያቴ የሰፉት። እናቴ ምላጭ ይዛ ስፌቱን ትተረትረዋለች፤ እትዬ የሻረግ ክሩን እየለቀሙ ጨርቁን በመዳፋቸው ያስተካክላሉ።

«ቀስ፣ ቀስ! ይቺን እኮ ሦስተኛ ጊዜያችን ነው፤ ሳስታለች» አሉ እትዬ የሻረግ።

«እንግዲህ እስከ ጥር መጨረሻ ድረስ ታደርሰናለች» አለች እናቴ። እንደገና ሳቁ።

ጫማዬን ሳላሰማ ወደ ኋላ ተመለስኩ። በዓለም ላይ እንደዚያ ያለ ጭካኔ መኖሩን አላውቅም ነበር፤ አንድ ሽማግሌ ቀኑን ሙሉ የሰፋውን ዞር ሲል ተርትሮ፣ በማግስቱ እንደገና ማሰፋት፣ በዚያም ላይ መሳቅ።

አያቴን ሁለተኛ ፎቅ ላይ ወርጄ ጠበቅኳቸው። የደረጃውን ብረት ይዘው፣ እያረፉ ሲወጡ አገኘኋቸው።

«አባባ፣ አንድ ነገር ልንገርዎት?»

«ምን ነገር?»

«እማዬና እትዬ የሻረግ እርስዎ የሰፉትን ይተረትሩታል። አሁን አየኋቸው። ሐዋሳ የሚሄድ የለም። ውሸታቸውን ነው።»

አያቴ ቆሙ። ከዚያ፣ እስከ ዛሬ ድረስ የማልረሳውን ጥያቄ ጠየቁኝ።

«በምላጭ ነው በመቀስ?»

«በምላጭ።»

«እንግዲያው ጨርቁን እንዳይበሱት መጠንቀቅ አለባቸው» አሉና ደረጃውን ቀጠሉ። ላይ ሲደርሱ ወደ ማዶው በር አልሄዱም። ወደ ቤታችን ገቡ።

በማግስቱ ጠዋት እናቴ ሻርፑን ይዛ ስትመጣ አልጋቸው ላይ ተቀምጠው ነበር።

«ዛሬ አልሄድም፣ ልጄ።»

«አሞዎታል እንዴ አባባ?»

«ደኅና ነኝ። ልጄ ቤት ሠርቶ አስቀምጦኝ፣ ከሰው ቤት ምን ያውለኛል?»

«እትዬ የሻረግ እየጠበቁዎት ነው። ትራሶቹስ?»

«ትራሶቹ ይበቃሉ።»

እናቴ ለመነቻቸው። እትዬ የሻረግም መጥተው ለመኗቸው። አያቴ ሁለቱንም በአክብሮት መልሰው ሸኟቸው፤ አልተቆጡም፣ አልወቀሱም። እናቴ ወደ እኔ ዞር ስትል ዓይኔን ሰበርኩ። ውስጤ ግን ደስታ ነበር። አያቴን ነፃ አውጥቻቸዋለሁ።

አምስት ቀን ቤት ዋሉ። በነዚያ ቀናት ከትምህርት ቤት በሩጫ እመለስና አጠገባቸው ጋቢ ውስጥ እገባለሁ። እጃቸው የቧንቧ ብረት ይመስል ነበር። ተረት ይጀምሩልኛል፤ መካከል ላይ ይረሱታል። አራተኛው ቀን ላይ ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ የሚስቁ መስሎኝ አብሬ ሳቅኩ። እሳቸውም እኔን አይተው ፈገግ አሉ።

ይህን ሳቅ ለማንም ነግሬ አላውቅም።

በስድስተኛው ቀን ጠዋት ለሱብሂ አልተነሱም። እናቴ ውሃውን አሙቃ፣ ጠብቃ፣ በሩን አንኳኩታ ገባች። እኔም ተከተልኳት። ዓይናቸው ክፍት ነው፤ እኛን ግን አያዩንም። መንቀጥቀጡ ቆሟል። «ፋጡማ፣ ላሞቹ ገቡ?» አሉኝ። ፋጡማ በልጅነቷ የሞተች እህታቸው ናት። እናቴ አንገታቸውን ነካች፣ ወዲያው ሁለት እጇን በብብታቸው ከታ «ያ አላህ፣ ስሚንቶ ሆነዋል!» ብላ ጮኸች።

እትዬ የሻረግ በሌሊት ልብሳቸው ሮጠው መጡ። ከራሳቸው አልጋ ላይ ብርድ ልብስ ገፈው ጠቀለሏቸው። ሁለት የሕንፃው ወንዶች በወንበር ላይ አስቀምጠው ሦስቱን ፎቅ አወረዷቸው። ላዳ ታክሲ ውስጥ እናቴ ደረቷ ላይ አስደግፋ፣ እንደ ሕፃን አቅፋ ይዛቸው ነበር። አማቷን ነክታ የማታውቅ ሴት፣ እስትንፋሷን በጣቶቻቸው ላይ እፍ እያለች።

ያን ጊዜ ነው የሆነ ነገር መጠራጠር የጀመርኩት።

አባቴ ከመንገድ ተጠርቶ በሁለተኛው ቀን ደረሰ። ቀድሞ አያቴን ያየቻቸው ሐኪም በሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ አነጋገረችን። ወጣት ናት፤ ድካም ዓይኗ ላይ ይታያል።

«የሳንባ ምች ነው» አለች። «የጀመረው ግን ብርዱ ነው። በዚህ ዕድሜ ሰውነት ሙቀቱን መያዝ ያቅተዋል። ደም ሥር ይጠብባል፣ ግፊት ይወጣል፣ ሳንባ ይዳከማል። ሰው ብርድ ሲባል ውጭ ያለውን ነው የሚያስበው። አረጋውያንን የሚጎዳው አብዛኛውን ጊዜ ቤት ውስጥ ያለው ነው፤ ቀኑን ሙሉ ተቀምጠው የሚውሉበት።» ወደ እናቴ ዞረች። «ቀን ቀን ፀሐይ ያለበት ቤት ይዋሉ ብዬሽ አልነበር?»

«ብለሽኝ ነበር፤ ሲውሉም ነበር። ከአምስት ቀን ወዲህ እምቢ አሉኝ።»

«ለምን?»

«አላውቅም» አለች እናቴ። «ምን እንዳስቀየምኳቸው አላውቅም።»

የቀሚሷን ጫፍ ይዤ ቆሜያለሁ። ፀሐይ ያለበት ቤት። የላብ ጠብታው፣ መስኮቱ፣ ሻርፑ፣ ምላጩ፣ ሳቁ፤ ሁሉም ተገለባበጡ። «እኔ ነኝ» ማለት ፈለግኩ። የቀሚሷን ጫፍ ግን ይበልጥ ጨበጥኩት።

አባቴ ግን ተቆጣ። «የምን ሰው ቤት ነው? አባቴን ከቤቱ አውጥተሽ ጎረቤት ስታውይ እኔ አልጠየቅም? ቤቱ ምን ሆነ? ስንቱ ዕጣ ሲወጣለት የሚያለቅስበትን ቤት!»

እናቴ ቀና ብላ አየችው። «ቤቱ ይበርዳል፣ ጃፋር።»

«ምን?»

«ይበርዳል። እኔንም ይበርደኛል፤ ልጅቷንም ይበርዳታል። አንተ ጅቡቲ ሙቀት ላይ ነህ፤ አታውቀውም። ዛሬ አባባ አልጋ ላይ ተኛና ነገ እንነጋገር።»

ተኛ። ጠዋት ከክፍሉ ሲወጣ ጃኬቱን ለብሶ፣ እጆቹን ብብቱ ውስጥ ከትቶ ነበር። ተመልሶ ገባ፤ መዳፉን ግድግዳው ላይ አሳረፈ፤ ሲያነሳው እርጥብ ነው። ወደ ሱሪው ጠርጎት ወጣ። ከሰዓት በኋላ የመስኮት ጎማ፣ ጣውላና ወፍራም ምንጣፍ ተሸክሞ መጣ፤ ሁለት ቀን ሙሉ ሲመታና ሲቆርጥ ሰነበተ። የአያቴን አልጋ ከዚያ ጥግ ክፍል አውጥቶ፣ እኔና እናቴ ወደምንተኛበት የተሻለ ክፍል አዛወረው። ለእናቴ ይቅርታ አላላትም። ግን አልጋውን ሲያዛውር «የት ይሁን?» እያለ በየእርምጃው ይጠይቃት ነበር።

እኔ ለእናቴ የተናዘዝኩት ከአሥር ዓመት በኋላ ነው። አያቴ ከዚያ ታህሳስ በኋላ ሦስት ዓመት ኖረው፣ በግንቦት ወር፣ ቀኑ በሞቀበት ሰዓት አርፈው ነበር። ስነግራት እናቴ ነጭ ሽንኩርት እየላጠች ነበር። «እማዬ፣ ለአባባ የነገርኳቸው እኔ ነኝ» አልኳት፤ ስለ ምን እንደምናገር ወዲያው ገባት።

«አውቃለሁ።»

«ማን ነገረሽ?»

«እሳቸው። ግን እሳቸው ካንቺ በፊት ያውቁ ነበር እኮ።»

ሽንኩርቱን አስቀመጠች። «ከሦስተኛው ቀን ጀምሮ። ሃምሳ ዓመት የሰፋ ሰው፣ መርፌ የገባበትን ጨርቅ በጣቱ አያውቅም ያልን እኛ ነን ሞኞች። ከሆስፒታል ከወጡ በኋላ ነው የነገሩኝ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉ?»

«እኛም ዝም ስላልን።»

«እኔ ስነግራቸው ታዲያ ለምን ቀሩ? የሚያውቁትን ነው የነገርኳቸው።»

እናቴ ልጣጩን ወደ ጎን ገፋች። «ሁላችንም እያወቅን ዝም ስንል ሥራ ነበር፣ ሳሚያ። አንቺ አፍ አውጥተሽ ስትናገሪው ምጽዋት ሆነ። ልጅ ፊት ምጽዋት መቀበል ከበዳቸው።» ከዚያ ሽንኩርቷን አንስታ ቀጠለች። «አትቆጪያት ብለውኛል። ያደላችው ለእኔ ነው ብለውኛል።»

ይህን ሁሉ ያኔ አላውቅም። ያኔ የማውቀው አያቴ በአሥራ አንደኛው ቀን ከሆስፒታል መውጣታቸውንና፣ እኔ ፊታቸው ለመቆም ድፍረት ማጣቴን ነው።

ደረጃውን ሲወጡ በየፎቁ ቁጭ እያሉ ያርፋሉ። በአንድ በኩል አባቴ፣ በሌላ በኩል እናቴ። እኔ ከኋላ መድኃኒታቸውን ይዤአለሁ። ሦስተኛ ፎቅ ስንደርስ ጠዋት አራት ሰዓት ሆኖ ነበር። እትዬ የሻረግ መምጣታችንን ሰምተው በራቸውን ከፍተው ቆመዋል፤ ከኋላቸው ፀሐዩ እስከ ኮሪደሩ ድረስ ወጥቷል።

አባቴ የኛን በር ከፈተ። ፊቱ ላይ የልጅ ጉጉት ነበረበት።

«ግቡ አባባ። መስኮቱን ጎማ አድርጌበታለሁ። ነፋስ የሚባል ነገር የለም። ወለሉንም እዩት።»

አያቴ ከደጅ ሆነው ወደ ውስጥ አዩ። ምንጣፉን አዩ፣ አልጋቸው የተዛወረበትን ክፍል አዩ። የአባቴን ትከሻ መታ መታ አደረጉ። «አላህ ይስጥህ ልጄ። እጅህ ይባረክ። ማታ እተኛበታለሁ።»

ከዚያ በሁለቱ በሮች መካከል ቆሙ። መተንፈስ ያስቸግራቸው ነበርና ትንሽ ጠበቁ። ወደ እናቴ ዞሩ።

«ዘኪያ» አሉ። «በርዶኛል።»

ቃሏን ከሳቸው አፍ ሰምተናት አናውቅም። አባቴ አንገቱን ደፋ። እናቴ ሁለት እጇን አፏ ላይ አደረገች፤ እንባዋ በጣቶቿ መካከል ወረደ። አያቴ ያፈሩ አይመስሉም ነበር። አንድ ሰው ውሃ ጠማኝ እንደሚለው ነው ያሉት።

«ይግቡ፣ ጋሽ ከሊፋ» አሉ እትዬ የሻረግ፣ «የሚሰፋ ነገር ግን ዛሬ የለኝም።»

«የሚሰፋ አልፈልግም። ፀሐይ ነው የምፈልገው።»

ሳቁ። ሁለቱም ሳቁ፤ አያቴ ሳል እስኪቀድማቸው ድረስ። ማንም ሳይደግፋቸው ኮሪደሩን ተሻግረው ገቡ፤ መስኮቱ አጠገብ ወንበር ተሰጣቸው። እናቴ ተከተለች። አባቴም፣ እዚያ ቤት ገብቶ የማያውቀው፣ ጫማውን በር ላይ አውልቆ ገባ።

እኔ ኮሪደሩ ላይ ቀረሁ። የመድኃኒቱን ከረጢት ደረቴ ላይ ይዤ ግድግዳውን ተደግፌአለሁ። መግባት የሚገባኝ አልመሰለኝም። ከውስጥ የብርጭቆ ድምፅ ይሰማል።

«ሳሚያ የት አለች?» ሲሉ ሰማኋቸው። ከዚያ በሩ መካከል አይተውኝ ረዘም አድርገው ተመለከቱኝ። ሁሉንም የሚያውቅ ሰው አስተያየት ነበር፤ ቁጣ ግን አልነበረበትም።

«አንቺስ አልበረደሽም?»

«በርዶኛል» አልኩ።

«ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ?» አሉ፣ ወንበራቸውን በትንሹ ፈቀቅ እያደረጉ። «ግቢ።»